ከ«ስንት ይደርሰኛል?» በፊት «ለምን?» ብሎ መጠየቅ

ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ተጠሪዎችና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በእንዲህ ያለው ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ የምንናገረው ስለ ተተከለው ችግኝ ብዛት፣ ስለ ተቆፈረው ቦይ ርዝመትና ስለ ተገነባው የውሃ ማከማቻ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ዛሬ ግን ከችግኙና ከቦዩ አስቀድሞ ስለሚመጣው፣ በዓይን ስለማይታየው ነገር፣ ይኸውም አንድ ሀብት በጋራ የሚጠቀሙ ሰዎች ስለዚያ ሀብት እንዴት እንደሚያስቡ ልንናገር ወደድን። በዚህ ረገድ ያስተማረን የራሳችን ስሕተት ስለሆነ ከእርሱ እንጀምራለን።

አንዲት ምንጭና ሦስት መንደሮች

ስሙን በማንጠቅሰው አንድ ደብር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ሥር የምትፈልቅ ምንጭ አለች። ከእርሷ በታች ላይኛው፣ መካከለኛውና ታችኛው የሚባሉ ሦስት መንደሮች አሉ። በበጋ ድንችና ሽንኩርት የሚያለሙት በዚህች ምንጭ ነው። ውሃው ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ሲሄድ የላይኛው መንደር ሰዎች ቦዩን ቀድመው መጥለፍ ጀመሩ፤ የታችኛው መንደር ጎልማሶችም ሌሊት እየወጡ ጠለፋውን ያፈርሱ ነበር። ነገሩ ከቃል ወደ ዱላ፣ ከዱላም ወደ ክስ ደረሰ። በአንድ ማኅበር ጽዋ የሚጠጡ፣ በአንድ ዕድር የሚቀባበሩ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሰላምታ መለዋወጥ ተዉ። ሰበካ ጉባኤው እንድናግዘው ሲጠይቀን ፈጥነን ሄድን።

የሄድነው ባዶ እጃችንን አልነበረም። በቢሮ ተቀምጠን በጥንቃቄ ያዘጋጀነውን መተዳደሪያ ደንብ ይዘን ነበር። የመጀመሪያው አንቀጽ ለእያንዳንዱ መንደር የሚደርሰውን የመስኖ ሰዓት የሚደነግግ ስለ ነበር፣ ስብሰባውን የከፈትነው «ለላይኛው መንደር ስንት ሰዓት ይሁን?» በሚል ጥያቄ ነው። ወዲያው እያንዳንዱ ሰው የራሱን መደብ በዓይነ ኅሊናው እያየ ይናገር ጀመር። አንዱ የአባቱን መብት ጠቀሰ፤ ሌላው የቦዩን ጠረጋ ማን እንደ ሠራ ቆጠረ፤ ሦስተኛው ካቻምና የተሰረቀበትን ሌሊት በቀኑ አስታወሰ። ሦስት ጊዜ ተሰብስበን ሦስት ጊዜ ሳንስማማ ተለያየን። በሦስተኛው ቀን የታችኛው መንደር ሰዎች ጸሎቱ ሳይደርስ ተነሥተው ሄዱ። ያን ጊዜ ጥፋቱን በሕዝቡ ላይ አድርገነው ነበር፤ «ራስ ወዳድነት ጸንቶባቸዋል» ብለን ማስታወሻ ጻፍን። እውነቱ ግን ጥያቄውን ያበላሸነው እኛ መሆናችን ነው።

በአራተኛው ስብሰባ የደብሩ አረጋዊ መሪጌታ እንዲናገሩ ጠየቁ። ደንባችንን አልተቃወሙም። «ልጆቼ፣ ሰዓቱን ትደርሱበታላችሁ፤ እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ይህች ምንጭ ብትደርቅ የምናዝነው ለሽንኩርቱ ብቻ ነውን? ዛሬ በጀርባ ያሉት ሕፃናት ሲሸብቱ ከምን ይጠጣሉ? እኛን ማን ነበሩ ይሉናል?» ብለው ተቀመጡ።

ጉባኤው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም ከላይኛው መንደር የመጡ አንዲት እናት ልጆቻቸው ሁሉ ክርስትና የተነሡት ከዚያች ምንጭ በተቀዳ ውሃ መሆኑን ተናገሩ። ከታችኛው መንደር አንድ ሽማግሌ እርሳቸው ልጅ ሳሉ ውሃው በግንቦት እንኳ ጉልበት እስኪደርስ ይፈስ እንደ ነበር አወሱ። «ታዲያ ምን ወሰደው?» የሚል ጥያቄ ከመካከል ተነሣ። ደኑ ውስጥ የሚለቀቁት ከብቶች የማን እንደ ሆኑ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የሁሉም ነበሩ። ከምንጯ በላይ ያለው ቁልቁለት ተራቁቷል፤ ዝናሙም ወደ መሬት በመስረግ ፈንታ እየተንደረደረ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ክርክሩ ያነሰችውን ውሃ ስለ መቀራመት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ምንጯ ሕይወት ሆነ። በዚያው ከሰዓት በኋላ ቁልቁለቱን ከከብት ለመከለል ተስማሙ። የመስኖውም ሰዓት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ያልወጣው ድልድል፣ ከዚያ በኋላ ሳይመሽ ወጣ። ውሃ በሚያንስበት ወር ቀኑ ለታችኛው መንደር፣ ሌሊቱ ለላይኛው እንዲሆን ሐሳቡን ያቀረቡት ራሳቸው የላይኛው መንደር ሰዎች ነበሩ።

ምንጯ ወዲያው አልበዛችም። ሰዎቹ ግን ሌሊት ዶማ ይዘው መውጣት ተዉ። እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ የመሪጌታው ጥያቄ ለምን እንደ ሠራ፣ የእኛው ደንብ ደግሞ ለምን እንዳልሠራ ስንመረምር ቆይተናል።

ረቂቅና ግዙፍ

በጉባኤ ቤት ያደጋችሁ አባቶች ረቂቅና ግዙፍ የሚሉትን ቃላት ከእኛ ይልቅ ታውቋቸዋላችሁ። ግዙፉ የሚዳሰሰው፣ የሚለካውና የሚቆጠረው ነው። ረቂቁ በልቡና የሚታየው ነው። አንድ ነገር በሁለቱም መንገድ ሊታሰብ ይችላል። ችግኝ መትከልን ብንወስድ «ጉድጓድ መቆፈርና ውሃ ማጠጣት ነው» ብሎ ማሰብ ግዙፉን ማየት ነው፤ «ለሚመጣው ትውልድ ጥላ ማቆየት ነው» ብሎ ማሰብ ግን ወደ ረቂቁ መውጣት ነው። ሥራው አንድ ነው፤ የተለያየው ሐሳቡ የቆመበት ከፍታ ነው።

በእኛ ዘመን ይህን ጉዳይ በሰፊው ያጠኑት የሥነ ልቡና ሊቃውንት በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያኮቭ ትሮፕ፣ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኒራ ሊበርማን ናቸው። የትምህርታቸው ፍሬ ሐሳብ እንዲህ ሊጠቃለል ይችላል፦ ሰው በጊዜም ሆነ በቦታ የራቀውን፣ የሌላ ሰው የሆነውን ወይም ገና ያልተረጋገጠውን ነገር ሲያስብ ዋናውን ዓላማና ትርጉሙን ያያል፤ የቀረበውን ሲያስብ ግን ዝርዝሩንና እንቅፋቱን ያያል። «ይህ ለምን ይደረጋል?» የሚለው ጥያቄ አሳብን ወደ ላይ ያወጣዋል፤ «እንዴት ይደረጋል?» የሚለው ደግሞ ወደ ታች ያወርደዋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ልዩነት የሚያመጣው የቱ እንደሚቀድም ነው።

ትሮፕ ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሰዎች ስለ ብዙ ጉዳዮች እንዲደራደሩ ተደርጎ ነበር። የስምምነቱ ጉዳይ በቅርብ የሚፈጸም መሆኑ የተነገራቸው ጉዳዮቹን አንድ በአንድ እየለዩ ሲከራከሩ፣ በሩቅ ጊዜ የሚፈጸም መሆኑ የተነገራቸው ሁሉንም በአንድነት ተመለከቱ። ለእነርሱ ብዙ የማይጠቅማቸውን ለቅቀው የሚጠቅማቸውን በመቀበል ለሁለቱም ወገን የሚሻል ስምምነት ላይ ለመድረስም የቀለላቸው እነዚህኞቹ ነበሩ። መሪጌታው ስለ ሕፃናቱ ሽበት ሲጠይቁ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የጉባኤውን ዓይን ከዘንድሮው ሽንኩርት አንሥተው አርባና አምሳ ዓመት አሻገሩት።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር መሰወር አይገባንም። በድርድር ላይ የተደረጉ ሌሎች ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ ከፍ ያለ አስተሳሰብ ሰውን ሁሉ ቸር አያደርገውም። ይልቁንም ሰው አስቀድሞ በልቡ የያዘውን ዋጋ ወደ ውጭ ያወጣዋል። የሌላውን ጥቅም ማየት የለመደው ከፍ ብሎ ሲያስብ ይበልጥ ይተባበራል፤ የራሱን ብቻ ማየት የለመደው ግን በራሱ ይበልጥ ይጸናል። ይህ ለካህናት ትልቅ ትርጉም አለው። «ለምን?» ብሎ መጠየቅ የሚጠቅመው ለጥያቄው መልስ የሚሆን ነገር አስቀድሞ በልብ ውስጥ ከተዘራ ነው። ዓመቱን ሙሉ በዐውደ ምሕረት ስለ ወንድማማችነት፣ ስለ አደራና ስለ ባልንጀራ የተሰበከው ስብከት፣ በውሃ ስብሰባ ቀን የሚታጨድ አዝመራ ነው። በዚያ ቀን ብቻ ተነሥተን ብንሰብክ ግን የምናጭደው የለም።

ከአብርሃምና ከይስሐቅ

በቅዱስ መጽሐፍም የግጦሽና የውሃ ጠብ ተጽፎልናል። የአብርሃምና የሎጥ ከብት በበዛ ጊዜ ምድሪቱ ሁለቱን አንድ ላይ መሸከም ተሳናት፤ እረኞቻቸውም ተጣሉ። በዕድሜም በክብርም የሚቀድመው አብርሃም ምርጫውን ለሎጥ ተወለት። ሎጥ ዓይኑን አንሥቶ ያየው ውሃ የጠገበውን የዮርዳኖስን ሜዳ ነው፤ አብርሃም ግን ያየው ወንድማማችነቱንና የተገባለትን ተስፋ ነበር። ይስሐቅም በጌራራ ሸለቆ ያስቈፈራቸውን የውሃ ጕድጓዶች የአገሩ እረኞች ሲከራከሩበት እየተወ አለፈ፤ ጠብ የሌለበትን እስኪያገኝም ድረስ ሌላ አስቈፈረ።

እነዚህ አባቶች ግን የሚሄዱበት ሰፊ ምድር ነበራቸው። የእኛ ገበሬ የሚሄድበት የለውም። ምንጯ አንዲት ናት፤ ማሳው ከማሳ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ ከአብርሃም የምንማረው መለያየቱን ሳይሆን አስተያየቱን ነው። ከድርሻው በላይ ያለውን ማየት ስለ ቻለ ድርሻውን ለመልቀቅ አልፈራም።

የመንዝ ጓሳ

ይህ ሁሉ በተግባር ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የመንዝ ጓሳ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ይህ ብርዳም ምድር ስሙን ያገኘው ከሚበቅልበት የጓሳ ሣር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል፤ ቦታውም በድርቅ ጊዜ የከብት መጠጊያ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል።

የአካባቢው ሰው ይህን ምድር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እንደ ነበረ በሚነገርለት፣ ቄሮ በተባለው ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። አቅኚ አባቶች ተብለው ከሚታሰቡት ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱት ባለ መብቶች አለቃ ይመርጣሉ። ሣሩ በሚገባ እስኪያድግ ድረስ ቦታው ለሦስት፣ ለአራት ወይም ለአምስት ዓመት ከግጦሽና ከአጨዳ ይዘጋል። የሚከፈትበት ቀን ሲታወጅ ሁሉም ይገባል። ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን፣ ሁሉም ከብቱን ይዞ ይወጣል። ደንቡን የጣሰ ብርቱ ቅጣት ያገኘዋል።

አምስት ዓመት መታገሥ ለአንድ ገበሬ ቀላል ነገር አይደለም። የተራበ በሬ ያለው ሰው ከፊት ለፊቱ የቆመውን ሣር እያየ የሚታገሠው ቅጣቱን ፈርቶ ብቻ አይመስለንም። ሣሩ በእርሱ ዘንድ ሣር ብቻ አልነበረም። የአባቶች አደራ ነበር፤ የሚዘጋበትና የሚከፈትበትም ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን የጾምና የበዓል ቀመር ጋር ተያይዞ ነበር። ጾምን የለመደ ሕዝብ መከልከልን በሌላ ዓይን ያያል። ጾም እኮ ዛሬ ያለውን ነገር ለማይታየው ሲሉ መተው ነው።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ የአቅኚ ዘሮች ልዩ መብት ቀረ፤ ጥንታዊው ሥርዓትም ኃይሉን አጣ። በአንድ በኩል ከድርሻ ውጪ ሆነው ለኖሩት ፍትሕ ሆነላቸው። በሌላ በኩል ግን አሮጌውን ደንብ የሚተካ አዲስ ደንብ ወዲያው ስላልቆመ ጓሳው ተጎዳ። ኋላ ላይ ሕዝቡ በየቀበሌው ተወካዮቹን መርጦ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አደራጀ፤ ቦታውም ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ይታወቃል።

በ1968 እ.ኤ.አ. ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ለሁሉም ክፍት የሆነ ግጦሽ መጥፋቱ እንደማይቀር፣ እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት መጨመር ለራሱ እንደሚጠቅመው ስለሚያስብ ሁሉም አብረው እንደሚጠፉ ጽፎ ነበር። ኤልኖር ኦስትሮም ግን በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ግጦሾችን፣ ደኖችንና መስኖዎችን መርምራ፣ ሰዎች ድንበሩን ካወቁ፣ ደንቡን ራሳቸው ካወጡና ጠባቂውን ራሳቸው ከመረጡ የወል ሀብት ለመቶ ዓመታት ጸንቶ ሊኖር እንደሚችል አሳየች። ለዚህም በ2009 እ.ኤ.አ. በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ስትቀበል በዘርፉ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። እርሷና ባልደረቦቿ ባደረጉት ሙከራ ሰዎች ፊት ለፊት ተገናኝተው እንዲነጋገሩ ብቻ ሲፈቀድላቸው የጋራውን ሀብት አጠባበቃቸው እጅግ ይሻሻል ነበር። የሃርዲን እረኛ ብቻውን የሚያስብ ሰው ነው። የመንዝ እረኛ ግን ከጎረቤቶቹ ጋር ይመክራል፣ አለቃ ይመርጣል፣ ቀን ይቆርጣል።

የደኑ ምስክርነት

ሌላው ምስክር ከራሳችን ቅጥር አይርቅም። ከጎንደር እስከ ጎጃም በደጋው ስንጓዝ የተራቆተ ኮረብታ በመካከሉ አረንጓዴ ክብ ተቀምጦበት እናያለን፤ ወደዚያ ስንቀርብ ጉልላት ይታየናል። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ዋንዛው በዚያ ተሰብስቧል። በቅጥሩ ውስጥና ከቅጥሩ ውጪ ያለው አፈር ያው ነበር፤ የሚዘንበውም ዝናም ያው ነው። በውስጥ ያለው ዛፍ የተረፈው ሕዝቡ በሌላ ስም ስለሚጠራው ነው። ከውጪ ያለው ማገዶና ማገር ይባላል። ከውስጥ ያለው ግን የቤተ ክርስቲያን ልብስ፣ የገነት ምሳሌ፣ የአባቶች ማረፊያ ነው። ዘበኛ ሳይቆምበት ምሳር የተመለሰው በዚህ ረቂቅ አሳብ ነው።

ነገር ግን ይኸው ደን በዳር በኩል እየተሸረሸረ ነው። ከብት ይገባበታል፤ ቡቃያው ይረገጣል፤ በጠርዙ ባሕር ዛፍ ይተከላል፤ መቃብርና አዳዲስ ሕንፃም ቦታ ይወስዳሉ። ለደኑ ያለን ክብር አልጠፋም፤ ያነሰን ድንበሩ ነው። ደኑ የት እንደሚያልቅ በግልጽ ካልታወቀ ማንም ሰው በደል እየፈጸመ እንዳለ ሳይሰማው አንድ ክንድ ይገፋል። ስለዚህ በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አድባራት ከማሳ የተለቀመውን ድንጋይ ሰብስበው በደኑ ዙሪያ ካብ ክበዋል። ካቡ ከብቱን ከለከለ፤ በውስጡም ቡቃያ መነሣት ቻለ። ካብ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ያለ ትርጉም የተደረደረ ድንጋይ ነውና በአንድ ሌሊት ይፈርስ ነበር፤ ትርጉሙም ያለ ካብ ዳር ዳሩን ይበላል። በጉባኤ ቤት ንባብ ሳይደላደል ወደ ትርጓሜ አይኬድም፤ ትርጓሜ የሌለው ንባብም ምሥጢሩ አይገኝም። የወል ሀብትም እንዲሁ ነው።

ረቂቁ መሸፈኛ እንዳይሆን

ወደ ምንጯ እንመለስና ያልነገርናችሁን እንጨምር። ቁልቁለቱ ከተከለለ በኋላ አንዲት ባል የሞተባቸው እናት ሦስት ፍየሎቻቸውን የሚያሰማሩበት አጡ። መስኖ የሚጠጣ መሬት የላቸውም። ስለ ትውልድና ስለ አደራ በተነገረበት ስብሰባ እርሳቸው ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ አልተናገሩም፤ የጠየቃቸውም የለም። በማግስቱ ፍየሎቻቸው በክልሉ ውስጥ ሲገኙ ጠባቂዎቹ ደንብ አፍራሽ አሏቸው። እኛም ስምምነቱ ስላስደሰተን ይህን ያየነው ዘግይተን ነው።

ከፍ ያለ ቃል ሁሉ ይህ አደጋ አለበት። «ለመጪው ትውልድ» ስንል ዛሬ የተራበውን ልናልፍ እንችላለን። «የጋራችን» ስንል ጥቅሙ ለአንዱ፣ ጾሙ ለሌላው ሆኖ ሊቀር ይችላል። የጓሳው ጥንታዊ ሥርዓት እንኳ በአቅኚ ስም የሚያስገባና የሚያስወጣ በር ነበረው። የአሳቡ ከፍታ እውነተኛ መሆኑ የሚፈተነው ወደ ታች ሲወርድ ማንን እንደሚያገኝ ነው። በዚያ ደብር ኋላ ላይ ሣር እየታጨደ እንዲወሰድ ተፈቀደ፤ የመጀመሪያውም ዕጣ መሬት ለሌላቸው ሆነ። እናቲቱ ዛሬ ፍየሎቻቸውን በደጃቸው አስረው ይመግባሉ። ይህ ግን በመጀመሪያው ቀን መታሰብ ነበረበት።

ለሰበካ ጉባኤያት የምናቀርበው ምክር

ከዚህ ሁሉ የተማርነውን በአምስት ነጥብ ጠቅልለን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ስለ ምንጭ፣ ስለ ደን ወይም ስለ ግጦሽ የሚጠራ ስብሰባ በድርሻ ጥያቄ አይጀመር። በጸሎት ከተከፈተ በኋላ የመጀመሪያው ሰዓት «ይህ ሀብት ለምን ያስፈልገናል? ቀድሞ ምን ይመስል ነበር? የዛሬ ሃምሳ ዓመት ምን እንዲሆን እንፈልጋለን?» ለሚሉት ጥያቄዎች ይሰጥ። ሽማግሌዎች ትዝታቸውን፣ ወጣቶች ተስፋቸውን ይናገሩ።

ሁለተኛ፤ በዚያው ቀን ወደ ግዙፉ ይወረድ። በሐሳብ ከፍታ ላይ የተለያየ ጉባኤ ቤቱ ሲደርስ ረስቶታል። ማን፣ መቼ፣ ስንት፣ ከየት እስከ የት የሚሉት በጽሑፍ ይስፈሩ፤ ድንበሩም በእግር ተዞሮ ምልክት ይደረግበት። ደንቡን ከቢሮ የመጣ ባለሙያ ሳይሆን ራሱ ሕዝቡ ያውጣው፤ ባለሙያው ሲጠየቅ ያማክር።

ሦስተኛ፤ ውሃ በሚቀዱት ሴቶች፣ በእረኞችና መሬት በሌላቸው ፊት ያልተነበበ ደንብ አይጽደቅ። «በዚህ ደንብ ማን ይጎዳል?» የሚለው ጥያቄ በቃለ ጉባኤው ላይ መልሱ ይጻፍ።

አራተኛ፤ ጠባቂው በሕዝቡ የሚመረጥና ለሕዝቡ የሚመልስ ይሁን። የውሃ አባት ባለበት አካባቢ ያን ልማድ ማጽናት አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋም ይበልጣል። ቅጣቱም በምክር ይጀምር፤ ደጋግሞ በሚያጠፋ ላይ ይበርታ።

አምስተኛ፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢቻል ከደብሩ ክብረ በዓል ጋር ተያይዞ፣ ወደ «ለምን?» መመለስ ይገባል። ደንብ በዝርዝሩ ብቻ ሲኖር እየደረቀ ይሄዳል፤ ሰዎችም የደንቡን ቀዳዳ እንጂ ዓላማውን አይፈልጉም። በዚያ ቀን ሒሳቡ ይነበብ፤ የከሸፈውም ሳይደበቅ ይነገር፤ ካህኑ አደራውን ያስታውስ።

ክቡራን አባቶችና እናቶች፤

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ብሂል ሁላችንም እንናገራለን። ድር ግን በራሱ አያብርም። የሚያብረው የሚሸምነው ሰው ጨርቁን አስቀድሞ በልቡ ስላየ ነው። ከዚያም ጣቶቹ እያንዳንዱን ክር ይቆጥራሉ። ጨርቁን ሳያይ ክር የሚቆጥር ከክር አይወጣም፤ ክሩን ሳይቆጥር ስለ ጨርቅ የሚያወራም ሳይለብስ ይቀራል።

በየሰበካችን ያለችው ምንጭና ደን ከእኛ በፊት ነበሩ። ከእኛ በኋላ ይኑሩ አይኑሩ በአብዛኛው በእኛ ስብሰባ ላይ የሚወሰን ነው። እንግዲህ ወደየመጣችሁበት ስትመለሱና ጉባኤያችሁን ስትጠሩ፣ «ስንት ይደርሰኛል?» ከሚለው በፊት «ለምን ተሰጠን?» የሚለውን ጥያቄ እንድታስቀድሙ፤ ለዚህም ጥያቄ መልስ ካገኛችሁ በኋላ ከኋላ የተቀመጠውን ድሃ ስሙን ጠርታችሁ «አንተስ ምን ትላለህ? አንቺስ ምን ትያለሽ?» እንድትሉ በትሕትና እናሳስባለን።

አምላከ አበው ምንጫችንን አያድርቅብን፤ ልባችንንም ያስፋልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።